ለሃልዌል ልጅ ያለቀስንበት ክረምት

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ። እኔ መኮንን ደምሴ ነኝ። ጀሆንስበርግ ጄፒ መንገድ ላይ «ጋሽ መኮንን የት ናቸው?» ብሎ ጠይቆ የጠፋ ሰው የለም፤ ብርድ ልብስ የሚሸጠውም ቀበቶ የሚሸጠውም እጁን ይዞ እኔ ዘንድ ያደርሰዋል። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እንዴት እንደያዝኩት ወደ ታች ይመጣል። ዙሉኛውንም የለቀምኩት ከደንበኞቼ አፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች የመኖሪያ ወረቀታቸው ሲጓተትባቸው ማመልከቻ የሚያስጽፉት እኔን ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪምና በሽተኛ አልግባባ ሲሉም የሚደወለው ለእኔ ነው። «ይህን የምለው ለጉራ አይደለም» ማለት የተለመደ ነው። እኔ ለጉራም እላለሁ። የሠራ ሰው ቢናገር ምን ነውር አለው?

ባለፈው ታኅሣሥ ቴምቢሳ የሚባል ሰፈር፣ ሳሙኤል ስፓዛ ሄጄ ነበር፤ ስፓዛ የሰፈር ትንሽ ሱቅ ነው። ሳሙኤል የሆሳዕና ልጅ ነው፤ አማርኛውን ያቀናው እዚሁ ከእኛ ጋር ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ነው። ከሰዓት በኋላ የጀሆንስበርግ ዝናብ ሳይታሰብ ወረደ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ሰው ከሰው አያነጋግርም። አንዲት ጎጎ፣ አሮጊት ማለት ነው፣ ጠርሙስ ይዛ ፓራፊን፣ ያው ነጭ ጋዝ፣ ልትገዛ ገባች። ሳሙኤል ሲቀዳ ጥቂት መሬት ላይ ፈሰሰበት። የእኔ የሱፍ ኮት ርሷል። የነጭ ጋዝና የረጠበ ሱፍ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን ሲመታው ቀና አልኩ። ከዳቦው መደርደሪያ በላይ፣ ከሌባ በሚከልለው ሽቦ ጀርባ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ነጭ አሮጊት ጣቷን ቀስራ አንድ ፖሊስ ትቆጣለች።

«ጋሼ፣ ምነው ፈዘዙ? ያውቋታል እንዴ?» አለኝ ሳሙኤል።

«አላውቃትም? አልቅሼ የቀበርኳት ሴት ናት እኮ!»

«እሷን? የት?»

«ደሴ።»

«ሼም፣ ጋሼ!» አለኝ፤ እዚህ አገር ምስኪን እንደ ማለት ነው። «ዛሬስ ዝናቡ መትቶዎታል።»

ጎጎዋ በምን እንደምንሳሳቅ ጠየቀችኝና በዙሉኛ ነገርኳት። እጇን አጨብጭባ «ሃው፣ ምኩሉ!» አለች፤ አያት ሆይ ማለቷ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ለእነሱ የተናገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ሴትዮዋ አይሪን ሃልዌል ትባላለች። እንግሊዛዊት ናት። በወጣትነቷ ሲኒማ ውስጥ ገረድ ሆና ጀመረች፤ ነርስ ሆነች፣ ሚስት ሆነች፣ ንግሥትም ሆነች። ፊቷ ሲሸበሸብ ሲኒማው ፊት ነሳት፤ እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፣ ወደ ቴሌቪዥን ገብታ ዳኛ፣ አማት፣ ነገረኛ ቤት አከራይ ሆና ሠራች። ሥራዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትያለሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንወዳደር። እሷን ያወቅሁት ግን በአንድ ክረምት ነው፤ በንጉሡ ዘመን፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ።

አባቴ ደምሴ ልብስ ሰፊ ነበር። የከተማችን ሲኒማ ቤት የፊልም ሸራው ተቀዶ ባለቤቱ አባቴን ጠራው። አባቴ አቡጀዴውን በወርዱ እየቀጣጠለ፣ ግድግዳ የሚያህል ሸራ ሰፋለት። ሰውየው የሚከፍለው ሲያጣ «ለአንድ ዓመት አንድ ወንበር የአንተ ነው» አለው። አባቴ ሲኒማን የሥራ ፈት ጉዳይ ነው የሚለው፤ ወንበሩን ለእኔ ወረወረልኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ የእኔን ቦታ የሚቀማኝ አልተገኘም።

አዳራሹን አሁንም አሸተዋለሁ። ትኋን እንዳይፈላ አግዳሚውን በነጭ ጋዝ ይወለውሉታል። በላዩ ሰው ሁሉ የረጠበ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጥበታል። ፊልሙ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፣ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ዐረብኛ ነው። እኔ ሁለቱንም አላውቅም። ስለዚህ ፊት አነብ ነበር። አይሪን ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ የእኔም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን ይዤ እወጣና የበርኖስ ሰፊውን ልጅ «ዱ ኖት ሊቭ ሚ!» ብዬ አስደነግጠዋለሁ፤ «አትተወኝ» ማለት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ያየሁትን የምነግረው እትዬ ውድነሽ በረንዳ ላይ ነው። እትዬ ውድነሽ የአገሩ አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት ጠርተዋት ሙሾ ታወርዳለች፤ የሟቹን ዘር፣ ጀግንነቱን፣ ቸርነቱን እየጠራች ድንጋይ የሆነውን ሰው ሁሉ ታስለቅሳለች። የምትኖረው በዚሁ ነው፤ እህል ይሰፈርላታል፣ ስሟ ይከበራል። ድምጿ እንደ ወፍጮ ሸካራ ነው፤ ቁመቷ ከበሩ ጋር ይጋጫል። ክረምት ሲሆን የሰፈሩ ሴቶች በረንዳዋ ላይ ተሰብስበው ጥጥ ይፈትላሉ። እንዝርቱ ይሽከረከራል፣ እኔ እናገራለሁ። ወሬዬ ሲጥም እንዝርት ይቆማል። ብዙ ጊዜ ቆሟል።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?» አለች አንደኛዋ፣ ስለ አይሪን።

ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሥዕል ሥር በአማርኛ የተጻፈውን ስሟን አንብቤያለሁና መልስ አላጣሁም። «አባቷ አቶ ሃልዌል ይባላል።»

«ሰውዬው ምን ሠርቶ ያድራል?»

«እስካሁን አልታየም።»

«ጉንጯ ላይ ያልከው ጠባሳስ?»

አይሪን ፊቷ በቅርብ ሲመጣ ከግራ ዓይኗ ሥር ቀጭን ጠባሳ ነበራት። ፈረስ ስትጋልብ አይቻት ስለነበር «ፈረስ ጥሏት ይሆናል» አልኩ። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። እንዲህ እንዲህ እያልን አይሪን የሰፈር ሰው ሆነች። ባሏ ክፉ ሲናገራት እነሱ ይሰድቡታል። መርከብ ላይ ነርስ ሆና ሌሊት ስትቆም «እግሯ ያብጣል፣ ለምን አትቀመጥም?» ይሉኛል፤ እኔ እንዳስቀምጣት።

ከዚያ አንድ እሑድ ሞተች። ደረቷን አሟት፣ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተኝታ። በመስኮቱ ውጭ ከሰማይ የተባዘተ ጥጥ ይወርዳል። በረዶ እንዲያ እንደሚወርድ የነገረኝ ሰው ስለሌለ፣ የእንግሊዝ አገር ጥጥ ከሰማይ ነው የሚገኘው ብዬ ወሰንኩ። ሐኪሙ ዘግይቶ ደረሰ። ባሏ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። አለቀ።

በዚያ ቀን በረንዳው ላይ አልወጣሁም። የሞት ወሬ እንደ ሌላ ወሬ አይወራም። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀመስ፣ በዝግታ ነው የሚነገረው፤ ይህን ትልልቆቹ ሲያደርጉ አይቻለሁ። በማግስቱ ማለዳ ጋቢዬን አዘቅዝቄ የእትዬ ውድነሽን በር አንኳኳሁ። ከፍታ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ።

«ማን ነው?»

«አይሪን ናት፣ እትዬ።»

መሬት ላይ ተቀመጠች። «ማን ነበር አጠገቧ?» አለች።

«ማንም። ባሏ ኋላ መጣ።»

«አለቀሰ?»

«ባርኔጣውን ይዞ ቆመ።»

«ሌላ ያለቀሰላት የለም? እናት? ጎረቤት?»

«አንድም ሰው።»

ተነሳች። «እንግዲያው ለእኛ ቀርታለች» አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

ደሴ ለብዙ ሰው አልቅሳለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ማልቀሷን እጠራጠራለሁ። ሴቶቹ እንዝርታቸውን ጥለው መጡ። ንፍሮ ተቀቀለ። የእድሩ ዳኛ አቶ ይመር በዚያ ሲያልፉ ጩኸት ሰምተው ገቡና «የማን ኀዘን ነው?» አሉ። «የእንግሊዟ» አሏቸው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው መውጣት ነውር ነውና ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እትዬ ውድነሽ ደረቷን እየመታች አወረደችው፦

ባሕሩን ተሻግራ ደሴ ድረስ መጥታ፣
ዘመድ የላትም አሉ እኛ ቤት ተኝታ።

ደግሞ ወደ አባትየው ዞረች፦

ሃልዌል ምን ነካህ ያን ያህል አዋቂ፣
ልጅ እንዲህ ይላካል ያለ አንድ ጠባቂ?

አቶ ይመር ሳይቀሩ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ጥቂት ሳምንት አለፈና ሌላ ፊልም መጣ። መብራት ጠፋ፣ ሸራው በራ፣ አይሪን ጸጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ቁልቁለት መንገድ ላይ ብስክሌት እየነዳች፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ኋላ እንደተረዳሁት ይህ የብስክሌቱ ፊልም የተሠራው ከሞተችበት ፊልም በፊት ነው፤ ፊልሞቹ ደሴ የሚደርሱት ተራቸውን ጠብቀው አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ለቅሶው ላይ ከነበሩት ወንዶች አንዱ ከኋላ «የእትዬ ውድነሽ ሬሳ ብስክሌት ትነዳለች!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ከአዳራሹ ቀድሞኝ ገበያ ደረሰ። እትዬ ውድነሽ ጨው ልትገዛ ስትወጣ «እትዬ፣ እኔም ራሴን አሞኛል፣ ጀምሪልኝ!» ይሏታል። ለቁም ሰው አልቃሽ አሏት። የአንድ የከበረ ቤት ልጆች አባት ሲሞትባቸው የእሷን ደጅ አልፈው ከኮምቦልቻ ሌላ አልቃሽ አስመጡ። ይህ ለአልቃሽ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስሟ ከወደቀ እንጀራዋ ወደቀ።

እኛ ቤት መጣች። አባቴ የስፌት መኪናውን አቁሞ ተነሳላት።

«ደምሴ፣ ልጅህ ስሜን አፈር አስገባው» አለች። «እሑድ ጠዋት እድሩ ሲሰበሰብ ይነሳና ‹ዋሽቼ ነው› ይበል። ‹ልጅ አታለላት› ይሉኛል። እሱ ይሻለኛል።»

«ይላል» አለ አባቴ።

«አልልም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ስትሞት አይቻለሁ። ስትስቅም አይቻለሁ። የዋሸሁት የቱን ነው?»

«አንተ! ከትልቅ ሰው ጋር ትከራከራለህ?»

«አልተከራከርኩም፣ ጠየቅሁ።»

አባቴ እጁን አላነሳም፤ የባሰ ነገር አለ። «እንግዲያው ምርጫው ያንተ ነው። እሑድ ቆመህ ካልተናገርክ ወንበሩን ለታናሽ ወንድምህ እሰጠዋለሁ። አንተ እዚህ ከአጠገቤ ቁጭ ብለህ ቁልፍ ትተክላለህ።»

እስከ እሑድ ድረስ እናቴም ለመነችኝ። «አንድ ቃል ናት፣ የኔ ጌታ፤ ‹ዋሸሁ› ብትል ምላስህ አይቆረጥም።» እኔ ግን በልጅ አእምሮዬ አንድ ነገር ገብቶኛል። ዋሸሁ ካልኩ የመርከቡም፣ የባቡሩም፣ የባሕሩም ወሬ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሴቶቹ ያዳመጡት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በረንዳው ላይ ሁለተኛ እንዝርት አይቆምልኝም። ለወንበር ብዬ ወሬዬን አልሸጥም።

እሑድ ጠዋት አቶ ይመር መሀል አቆሙኝ።

«አንት ልጅ፣ ወይ ሞታለች ወይ አልሞተችም። አንዱን ምረጥ።»

«ሁለቱንም ነው።»

ሳቁ። አንድ ደግ ሽማግሌ ሊያወጡኝ ፈልገው «አብሽር ልጄ፣ የኋለኛዋ እህቷ ትሆናለች» አሉኝ።

«እህቷ አይደለችም። ጠባሳው ያው ነው፤ ከግራ ዓይኗ ሥር።»

አባቴ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ከግራ ዓይኗ ሥር? በአግድም የሚሄድ?»

«አዎ።»

«እሱ የኔ ስፌት ነው፣ አንተ! ሁለቱ አቡጀዴ የሚጋጠሙበት ነው!»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳቅ ደሴ ዙሪያ ያለው ጦሳ ተራራም ሰምቶታል። ጆሮዬ ነደደ። ሌላ ልጅ ቢሆን ሮጦ ይወጣ ነበር። እኔ ሳቁ እስኪያልቅ ቆምኩና «ጠባሳው የአባቴ ይሁን» አልኩ። «ፊቷ ግን የራሷ ነው። ያላመነ መጥቶ ይይ።» ይህን ስል የማየው እትዬ ውድነሽን ነበር።

ከተቀመጠችበት ተነሳች። «እኔ አያለሁ» አለች። «አልቅሼላት መልኳን እንኳ አላውቀው።»

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ያው ፊልም ሲታይ፣ ወንበሩ አንድ ነውና ለእሷ ለቀቅሁላት፤ እኔ ከጎኗ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም። ሰው ሁሉ ሸራውን ትቶ እሷን ያያል። አይሪን በብስክሌቷ ስትመጣ እትዬ ውድነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ፊልሙ መሀል ላይ ግን የአይሪን ወንድም ጦር ሜዳ ሊሄድ ባቡር ጣቢያ ቆመ። አይሪን ፈገግ እያለች ሸኘችው፤ ባቡሩ ሲነሳ ግን ፊቷ ተሰበረ። እትዬ ውድነሽ ወደ ፊት ዘንበል አለች።

«መኮንን፣ ትከሻዋን እየው» አለች በሹክሹክታ። «እንባው ሳይመጣ ትከሻዋን ነው የጣለችው። ትንፋሿን ከሆዷ ነው ያወጣችው። እኔም እንዲያ ነው የማደርገው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ወንድሟ ነው?»

«በዚህኛው ፊልም ነው።»

«የእናቷ ልጅ ነው ወይ ነው የምልህ።»

«አይመስለኝም።»

በጉሮሮዋ ሳቀች። «እኔስ ስንቱን ባዳ ወንድሜ ብዬ አልቅሻለሁ!»

ስንወጣ ደጁ በሰው ተሞልቷል። አቶ ይመር ዱላቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል። «እህ፣ ውድነሽ፣ ፍረጂና እንረፍ። ሞታለች ወይስ አልሞተችም?»

እትዬ ውድነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ያን ሸካራ ድምጿን እንደ ለቅሶ ቀን ከፍ አደረገችው።

«ሙያተኛ ናት» አለች። «ሙቺ ሲሏት ትሞታለች፣ ሳቂ ሲሏት ትስቃለች፤ ሁለቱንም አሳምራ። እኔ ዘሩን በማላውቀው ሰው ሬሳ ላይ ‹አባቴ› ብዬ ደረቴን ስመታ፣ ከእናንተ ውስጥ ‹አባትሽ አይደለም፣ ዋሸሽ› ያለኝ አለ? የለም። አብራችሁኝ አለቀሳችሁ። ለሞተችዋ አልቅሻለሁ፤ አላፍርም። ነገም ብትሞት አለቅስላታለሁ፣ የእሷ ሰዎች ባርኔጣ ይዞ መቆም እንጂ ማልቀስ አያውቁበትም። ልጁም አልዋሸም። አሁን የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ግን የራሱን ቀን ያስብ። በዚህ አገር አልቃሹ እኔ ነኝ።»

የሳቀ የለም። ያ «ሬሳ ብስክሌት ትነዳለች» ያለው ሰውዬ ከፊት ቆሞ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አየሁት። አቶ ይመር ጉሮሯቸውን ጠርገው «ደህና ተናግረሻል» አሉና መንገድ ለቀቁላት።

አባቴ ስለ ቁልፍ መትከል ሁለተኛ አላነሳም። በዚያው ሳምንት መርፌና ክሩን ይዞ ሲኒማ ቤት ሄደ፤ ሸራውን አስወርዶ ስፌቱን ፈታና መጋጠሚያውን ዝቅ አድርጎ ሰፋው። ሲመለስ «የሰው ልጅ ፊት ላይ ስፌት አይሄድም» አለ።

አሁን በዚያ አንድ ክረምት ያደረግሁትን ልዘርዝር፤ እኔ ካልዘረዘርኩት ማን ይዘረዝርልኛል። ከደሴ ወጥተው ለማያውቁ ሴቶች ባሕር፣ መርከብና ባቡር አሳየሁ፤ አንድም መኪና ሳላሳፍራቸው። ከአንዲት ሴት ከንፈር ላይ እንግሊዝኛ መልቀም ጀመርኩ፤ ያንኑ ቋንቋ ነው ዛሬ የተማሩት የሚያስጽፉኝ። አባቴን ሥራውን አስፈትቼ እንደገና አሰፋሁት፤ ይህን ሌላ ማንም ችሎ አያውቅም። ለአልቃሽ ሲኒማ አሳየሁ። በሽማግሌ ፊት፣ በእድር ፊት፣ በአባቴ ፊት ቆሜ «ዋሸሁ» ሳልል ተቀመጥኩ። ወንበሬን ለሰው ለቀቅሁ፣ አልተቀማሁም። መስከረም ጠብቶ አይሪን በሌላ ፊልም ወንዝ ወስዷት ስትሞትም፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋቢዬን አዘቅዝቄ ሄድኩና አረዳሁ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፣ እትዬ ውድነሽ ደረቷን መታች፣ አቶ ይመርም ሳይጠሩ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከፊት ተቀመጡ።